የውሻና የድመት የጤና ክትትል፤ ከቡችላነት እስከ እርጅና

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ ቀደም ሲል የእርሻ መሬት የነበረ፣ ዛሬ ግን በመኖሪያ ቪላዎች፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ገና ባልተጠናቀቁ ግንባታዎች የተያዘ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ጣቢያም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ግቢ ባለው ቤት በር ላይ ውሻ፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ድመት ማየት የተለመደ ነው። ውሻው ሌባ እንዲጠብቅ፣ ድመቷ አይጥ እንድትይዝ ነው የሚፈለጉት። ሁለቱም ሥራ ስላላቸው ይቀለባሉ፤ ሐኪም የሚጠራላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መብላት ሲያቆሙ ወይም መቆም ሲያቅታቸው ነው። ለብዙዎቹ በሽታዎች ያ ጊዜ ዘግይቷል።

የእንስሳት ሕክምና ሳይንስ ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። ውሻና ድመት ከተወለዱበት ሳምንት እስከሚያረጁበት ጊዜ ድረስ ታመሙም አልታመሙም ክትባት፣ የትል መድኃኒትና ምርመራ በተወሰነ ጊዜ ሊያገኙ ይገባል። ይህ ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። ሆኖም ከክትትሉ ጉድለት የሚመጣው አደጋ በእንስሳው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ከእንስሳው ጋር በአንድ ግቢ የሚያድገው ሕፃንም የአደጋው ተጋላጭ ነው።

ከአደጋዎቹ ሁሉ ቀዳሚው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በየዓመቱ በዓለም ላይ ወደ 59 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ በእብድ ውሻ ከተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት መካከልም 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ በሽታው በብርቱ ከሚጎዳቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። አዲስ አበባም ከበሽታው ጋር የምትተዋወቀው ከምሥረታዋ ማግስት ጀምሮ ነው። በከተማዋ ወረርሽኝ ስለመከሰቱ እ.ኤ.አ በ1903 የተመዘገበ ዘገባ አለ።

በጉለሌ ያለው ሰፈር ዛሬም ፓስተር እየተባለ የሚጠራው በ1940ዎቹ በዚያ በተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ምክንያት ነው። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ ስሙና አደረጃጀቱ እየተለወጠ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ለረጅም ዓመታት ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውና በሆድ አካባቢ በተከታታይ ቀናት ይወጋ የነበረው ክትባት የሚመረተው በዚሁ ተቋም ነበር። በዕድሜ የገፉ የከተማዋ ነዋሪዎች ያን መርፌ አይረሱትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከነርቭ ሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶች እንዲቀሩ መክሮ፣ በቤተ ሙከራ ከሚራቡ ሕዋሳት የሚገኘውና በክንድ የሚወጋው አዲሱ ክትባት ተተክቷል። ይህ ሁሉ ግን ሰው ከተነከሰ በኋላ የሚደረግ ነው። በሽታውን ከምንጩ የሚያደርቀው ውሻው ላይ የሚሰጠው ክትባት ሲሆን፣ ለአንድ ውሻ የሚወጣው ወጪ ለአንድ የተነከሰ ሰው ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

ለዚህ ሲባል ክትትሉ የሚጀምረው ገና በቡችላነት ነው። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከእናቱ የሚጠባው እንገር በሽታ የሚከላከል ንጥረ ነገር ያስተላልፍለታል። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት የተከተበች ከሆነ ይህ ስጦታ ጠንካራ ነው። ይሁንና ያው ስጦታ የራሱ ችግር አለው። ከእናት የተወረሰው መከላከያ በቡችላው ደም ውስጥ እስካለ ድረስ የሚሰጠውን ክትባት ያከሽፋል፤ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ጊዜ ብቻ ከትበው የማይተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምረው፣ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየደገሙ፣ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይዘልቃሉ። የመጀመሪያውን መርፌ አስወግቶ ‹‹ቡችላዬ ተከትቧል›› የሚል ባለቤት ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው።

በእነዚህ ተከታታይ ክትባቶች የሚከላከሉት በሽታዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ፓርቮ፣ ዲስቴምፐርና ተላላፊ የጉበት በሽታ። ከእነዚህ የቡችላን ሕይወት በፍጥነት የሚቀጥፈው ፓርቮ ነው። ትውከትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስከትላል፤ ቡችላው በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈሳሹን ጨርሶ ይሞታል። ቫይረሱ ጠንካራ በመሆኑ በአፈር ውስጥ ወራትን ይቆያል። በጫማ ሥር ተጣብቆ ከመንገድ ወደ ግቢ ሊገባም ይችላል። በፓርቮ ቡችላ የሞተበት ቤት በሳምንቱ ሌላ ቡችላ አምጥቶ ያንኑ ሲደግም የሚታየው ለዚህ ነው። ተራ ሳሙና ቫይረሱን አይገድለውም፤ የሚገድለው በውኃ የቀጠነ በረኪና ሲሆን፣ እርሱም አፈር ላይ እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ አዲስ ቡችላ ወደዚያ ግቢ የሚገባው ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፤ በዘመቻ ወቅት ግን ከዚያ በታች ያሉ ቡችላዎችም እንዲከተቡ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ክትባቱ ከተወጋበት ዕለት ጀምሮ ወዲያውኑ አይሠራም፤ ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር የክትባቱ አያያዝ ነው። ክትባት ከፋብሪካ እስከ መርፌው ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በኪስ ይዞት ከሚዞር ሰው በርካሽ የተገዛ ክትባት ለውሻው ውኃ ከመውጋት ላይለይ ይችላል።

የትል መድኃኒት ከክትባት ቀድሞ ይጀመራል። የውሻ ወስፋት በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናት ወደ ፅንስ ስለሚተላለፍ ቡችላ ሲወለድ ጀምሮ ትል ሊኖረው ይችላል። በዚህም ምክንያት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ እስከ 6 ወር፣ ካደገ በኋላ ቢያንስ በየ3 ወሩ መድኃኒት ይሰጠዋል። ለድመት ግልገሎች የሚጀመረው በ3ኛው ሳምንት ነው። የወስፋቱ እንቁላል በግቢ አፈር ውስጥ ገብቶ ሕፃናት ሲጫወቱ በእጃቸው ወደ አፋቸው ሊሄድ፣ ትሉም በሰውነታቸው ተንቀሳቅሶ ዓይንን እስከመጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ከትሎች ሁሉ ግን በኢትዮጵያ ሁኔታ የተለየ ትኩረት የሚሻው አንድ ነው፤ መነሻውም የበዓል እርድ ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በአረፋ በግ በየግቢው ይታረዳል። ሲበለት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከታየ ለሰው አይሆንም ተብሎ በአጥር ሥር ለሚጠባበቀው ውሻ ይወረወራል። ከረጢቱ ሃይዳቲድ የሚባለው ሲሆን፣ በውስጡ የኤኪኖኮከስ ትል እጮች አሉበት። ውሻው ከበላው ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እጮቹ በአንጀቱ አድገው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ትሉ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች የተሸከመ ውሻ እንኳ ደህና መስሎ ይኖራል፤ ባለቤቱም በዓይነ ምድሩ ውስጥ አንዳች ነገር አያይም። እንቁላሉ ሣር ላይ ሲወድቅ በጎች ይግጡታል፣ ጎመንና ሰላጣ ላይ ሲያርፍ ሰው ይበላዋል፣ በውሻው ፀጉር ላይ ሲጣበቅ ደግሞ የሚዳስሱት ልጆች በእጃቸው ይወስዱታል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

የዚህ ትል ሰንሰለት የሚበጠሰው በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው። የታረደውን በግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አለመስጠት፣ ከተሰጠም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማፍላት፣ የተበላሸውን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ለትሉ ፍቱን የሆነው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ሲሆን፣ ለወስፋት የሚሰጡት የተለመዱ መድኃኒቶች ሁሉ ኤኪኖኮከስን እንደማይገድሉ መታወቅ አለበት። ጥሬ የሆድ ዕቃ የመብላት ዕድል ላለው ውሻ ከበዓሉ በኋላ ሐኪም ጠይቆ መድኃኒቱን መስጠት፣ ለበዓሉ ከወጣው ወጪ አንጻር ሲታይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በምግብ ረገድም የቤቱ ልማድ መታየት ይኖርበታል። የወጥ ትራፊ ለውሻ መስጠት የቆየ ነገር ነው፤ ሆኖም ወጥ ያለ ቀይ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተቀቅለውም ሆነ ጥሬያቸውን የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ድመት ከውሻም ይበልጥ ትጎዳለች። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ‹‹ሁልጊዜ ሲበላው የኖረ ነው›› የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይበሳል። ለድመት ወተት ማቅረብም እንደ ደግነት ቢታይም፣ ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ የወተትን ስኳር ማዋሃድ ስለማይችሉ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ሥጋና ንጹሕ ውኃ ነው።

ለሰው የተገዛ መድኃኒት ለእንስሳ መስጠት ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። አንድ የፓራሲታሞል ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ ከፈሰሰ መንቀጥቀጥና ሞት ያስከትላል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲንን በግምት ለውሻ መውጋትም ለእከክ ፈውስ ተብሎ የሚደረግ ሲሆን፣ የመጠን ስህተቱ ነርቭን ያውካል።

ውሻ ዓመት ሲሞላው ባለቤቱ መቁጠር ያቆማል። ትልቁ ክፍተት የሚፈጠረውም በዚህ ዕድሜ ነው። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከዓመት በኋላ ካልተደገመ ጥበቃው እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ርዝመት እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደ አገሩ ደንብ በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ነው። በሽታው በስፋት በሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች በየዓመቱ መድገም የተለመደ ነው። የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ደግሞ የቡችላነቱ ተከታታይ ክትባት ከተሟላና አንድ ማጠናከሪያ ከተጨመረ በኋላ በየ3 ዓመቱ ቢሆን በቂ ነው። የክትባት ካርዱ ከቤት ካርታ ጋር ተቀምጦ የሚረሳ ሰነድ መሆን የለበትም። ቀኑ ያለፈበት ካርድ ሰው በተነከሰ ዕለት ምንም አያስረዳም።

ባለሙያዎች የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል ይላሉ። ውሾች ቶሎ የሚወለዱና ቶሎ የሚሞቱ በመሆናቸው ግን ዘንድሮ የተገኘው 70 በመቶ ለከርሞ አይቆይም፤ ዘመቻው በየዓመቱ መደገም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በውሻ የሚተላለፈውን በሽታ የሰው ሞት እ.ኤ.አ በ2030 ወደ ዜሮ ለማውረድ ያስቀመጡት ግብ የተመሠረተው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

ያልተከተበ ውሻ ጉዳት ከሰው አልፎ የአገሪቱን ብርቅዬ አውሬም ደርሶበታል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ በጠቅላላው ያደጉት ቁጥራቸው ከ500 በታች የሆነ፣ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ከእረኞች ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ በዲስቴምፐር ክፉኛ ተመትቷል። በአካባቢው ያሉ ውሾችን በየዓመቱ መከተብ የቀበሮው ጥበቃ ሥራ አካል የሆነው ለዚህ ነው።

የውሾች ቁጥር ጉዳይ ከዚህ አይነጠልም። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለስሪያ ትደርሳለች፣ የምታረግዘውም ለ63 ቀናት ገደማ ነው። ድመት ደግሞ በ5 ወይም በ6 ወር ዕድሜዋ ልታረግዝ፣ እያጠባችም እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። ፈላጊ ያጣ ቡችላ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ ሰው በሌለበት ግንባታ አጠገብ ይጣላል፤ ከተረፈም ከዓመት በኋላ ማንም ያልከተበው የመንገድ ውሻ ይሆናል። በአዲስ አበባ ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ልማድ ለዓመታት ነበር፤ የተገደሉትን ቦታ ግን በወራት ውስጥ ሌሎች ይተኩታል። ማምከን ዘላቂው መንገድ ነው። ለእንስሳዋም ይጠቅማል፤ ከመጀመሪያው የስሪያ ወቅት በፊት የመከነች ሴት ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል፣ የማህፀን መግል መቋጠር የሚባለው ገዳይ ሕመምም አያገኛትም። ‹‹ከመከነ አይጠብቅም›› የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው ክልሉን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው።

ድመቶች ከውሾች ያነሰ ትኩረት ያገኛሉ። ለእነርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋል፤ በተጨማሪም ከፓርቮ ጋር የሚቀራረበው የድመት ፓንሉኮፔኒያና ሁለት የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች በክትባት የሚከላከሉ ናቸው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ወንድ ድመት ሽንቱን ለመሽናት ደጋግሞ ሲያምጥ፣ ድርቀት መስሎ ከታለፈ፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ እስከ ነገ የማይቆይ ጉዳይ ነው።

ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ ውሻም ድመትም ወደ እርጅና ይገባሉ፤ ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ደረጃ መውጣት የተወ ውሻ ሰነፈ ይባላል እንጂ መገጣጠሚያው አመመው አይባልም። ውኃ አብዝታ መጠጣት የጀመረች አሮጊት ድመት የኩላሊት ሕመም ሊኖርባት ይችላል። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ድድን አቁስሎ መብላት ያስቸግራል። ጤነኛ ውሻና ድመት የሰውነት ሙቀታቸው ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ፣ ድዳቸውም ሮዝ መሆኑን ባለቤት ቢያውቅ፣ የነጣ ድድ ሲያይ ጊዜ አያባክንም።

ንክሻ ከደረሰ ደግሞ ሰዓት ወሳኝ ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ተሂዶ ክትባቱ እንደ ታዘዘው እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። ምልክቱ በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በባህል መድኃኒት ተማምኖ የሚያልፈው ሳምንት የሚመለስ አይደለም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው ከሆነ አይገደልም፤ ለ10 ቀናት ታስሮ ይታያል። ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ የሚገኝ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሕመሙን ማሳየቱ ስለማይቀር ነው። ኃላፊነቱም በሕግ የታወቀ ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ በአጋጣሚ ከእጁ አምልጦ ያደረሰው እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ማታ በሩ ተከፍቶለት የሚወጣ ውሻ ባለቤት ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ያበደ ውሻ ሁሉ አይናከስም። አንዳንዱ ጨለማ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ መዋጥም ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ መስሎት እጁን ወደ አፉ የሚያስገባው በዚህ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ሳይነካ በር ተዘግቶበት በክፍለ ከተማው ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ሊጠሩ ይገባል። ከሞተም ሬሳው በባዶ እጅ አይያዝም፣ ወደ ቦይም አይጣልም። በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ብቻ ስለሆነ ጭንቅላቱ በድንጋይ ወይም በጥይት መፈርከስ የለበትም፤ በባለሙያ ተለይቶ በበረዶ ታሽጎ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። ከዚያ የሚመጣው ውጤት ውሻውን ለዳሰሱት፣ ለላሳቸውና ለነከሳቸው ሰዎች ሁሉ የሚሰጠውን ሕክምና ለመወሰን ያገለግላል፤ ክትባቱ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይጀመራል።